የንግሥቲቱ ደንገጡር

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ የለኝም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሌ እንደዚህ ያደርገኛል፤ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። ያቺ የቡዳፔስቷ ልጅ ደውላ «እዛ ቪየና ተዘግተሽ ከምትቆዝሚ ነይና አንድ ቦታ ላሳይሽ» አለችኝ። እረፍት ነበረኝ፣ ባቡር ይዤ ሄድኩ።

ቪሼግራድ የምትባል የሃንጋሪ ከተማ ወሰደችኝ። ከቡዳፔስት ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዳንዩብ ወንዝ እዚያ ጋ ሲደርስ ጥምዝዝ ይላል። ተራራው አናት ላይ ምሽጉ ቆሟል። ግርጌው ላይ የሰለሞን ግንብ የሚሉት ወፍራም ማማ አለ። ወረድ ብሎ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ። ሞንጎሎች እ.ኤ.አ. በ1241 እና በ1242 አገሪቱን አመድ አድርገዋት ሲሄዱ፣ ተመልሰው ቢመጡ መሸሸጊያ እንዲሆን ብለው ነው ንጉሥ ቤላ 4ኛና ንግሥት ማርያ ምሽጉን ያሠሩት።

ቤተ መንግሥቱ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የእሱ ታሪክ ደግሞ ይገርማል። ከቱርኮች ጦርነት በኋላ ፈርሶ ከተራራው የሚወርደው አፈር ዋጠው። ጊዜው ሲረዝም እንዲህ ያለ ቤተ መንግሥት ነበረ የሚለው ወሬ ራሱ የተጋነነ ተረት መሰለ። በ1934 ያኖሽ ሹሌክ የሚባል አርክቴክት ቆፍሮ አገኘው። ዛሬ የተወሰነው ክፍል እንደገና ተገንብቷል። ግቢው መሃል የሄርኩለስ ፏፏቴ አለ፣ ቅጂው ነው፤ ዋናዎቹ ድንጋዮች ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ጥገና አይጥማትም። «አዲስ ግድግዳ ለማየት ለምን ተራራ እወጣለሁ?» ትላለች። እኔ አልስማማም። በፍርስራሽ መካከል ሰው እንዴት እንደኖረ አይታየኝም። ጣሪያና ደረጃ ሲኖረው ግን በየትኛው በር ማን እንደገባ ይታሰበኛል።

እዚያ የተጣለውን የ1335ቱን ግብር አነበብን። የሃንጋሪው ንጉሥ ካሮይ ሮበርት የቦሄሚያውንና (የዛሬዋ ቼክ) የፖላንዱን ንጉሥ ጋብዘው ነው። ለቦሄሚያው ንጉሥ ሰዎች በየቀኑ 2,500 ዳቦ፣ ለፖላንዱ 1,500፣ ወይኑ ደግሞ 180 በርሜል ይላል ዜና መዋዕሉ። ጓደኛዬ በወይኑ ተደነቀች። እኔ ዳቦው ላይ ቀረሁ። ያን ሁሉ ሊጥ ማን አቦካው? ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ተነሱ? ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ ነው። ትልቅ ቤት ሳይ ዓይኔ ወደ ጓዳው ይሄዳል።

ከዚያ ወዲያ ሄሌነ ኮታነሪን ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ሄሌነ የሃንጋሪዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ደንገጡር ነበረች። ትንሿን ልዕልት የምትንከባከበውም እሷ ናት። በ1439 መኸር የንግሥቲቱ ባል ንጉሥ አልብሬክት ሞቱ፣ ንግሥቲቱም ነፍሰ ጡር ሆነው ቀሩ። መኳንንቱ ወጣቱን የፖላንድ ንጉሥ እንዲያገቡ ይጫኗቸው ጀመር። እሳቸው ግን ወንድ ልጅ እወልዳለሁ፣ ዙፋኑም የእሱ ነው ብለው ቆርጠዋል። በሃንጋሪ ደግሞ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘውድ ያልነገሠ ንጉሥ አይባልም። ዘውዱ ቪሼግራድ ምሽግ ውስጥ ተቆልፎበታል። ንግሥቲቱ ዘውዱን እንድታወጣላቸው የጠየቁት ሄሌነን ነው።

ይህን ሁሉ ኋላ ላይ ራሷ በጀርመንኛ ተርካዋለች። ጽሑፉ ዛሬ እኔ በምኖርባት ቪየና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ጥያቄውን ስትሰማ በጣም እንደፈራች ትናገራለች፤ ለራሷም ለትንንሽ ልጆቿም አደገኛ ነበርና። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ደረቴን ይወጋኛል።

ግን ሄደች። የካቲት 1440፣ በበረዶ። ሰበቡ ቪሼግራድ የቀሩትን የንግሥቲቱን ደናግል ማምጣት ነው። ሌሊት አንድ የሃንጋሪ ባላባትና አሽከሩ ቁልፎቹን በሞረድ ሲገዘግዙ እሷ ደጁን እየጠበቀች ትጸልያለች። ድምፅ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። ስለትም ተሳለች፤ ኦስትሪያ ውስጥ ማሪያትሴል ላለችው እመቤታችን። ዘውዱን ከቀይ ከፋይ ትራስ ውስጥ አስገብተው ሰፉት። ትራሱን በበረዶ መንሸራተቻ ጋሪ ጭነው አሮጌ የላም ቆዳ አለበሱት። የቆዳው ጅራት ከኋላ ሲንጠለጠል መንገደኛው አይቶ ይስቅ ነበር። የአገሪቱ ዘውድ በዚያ ውስጥ ነው!

የቀዘቀዘውን ዳንዩብ ተሻግረው ማታ ንግሥቲቱ ያሉበት ኮማሮም ደረሱ። ንግሥቲቱ በዚያው ሌሊት ወንድ ልጅ ወለዱ። ላዲስላውስ ተባለ። በግንቦት፣ ገና የ12 ሳምንት ሕፃን ሳለ፣ የሃንጋሪ ነገሥታት በሚነግሡባት በሴኬሽፈሄርቫር ዘውዱ ተደረገለት። ሕፃኑን ያቀፈችው ሄሌነ ናት።

ንግሥቲቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። ዘውዱ ለጀርመኑ ንጉሥ ለፍሬድሪክ በመያዣነት ተሰጥቶ ብዙ ዓመት ውጭ ቆየ። ልጁ ደግሞ በ1457 ፕራግ ውስጥ በ17 ዓመቱ አረፈ። ዘውዱ አሁን ቡዳፔስት ፓርላማ ውስጥ በጠባቂ ተከቦ ተቀምጧል፣ ቱሪስቱም ይሰለፍለታል። የእሷን ስም ስንቱ ያውቀው ይሆን? እንደ እኔ ከሆነ ቪሼግራድ የሚሄድ ሰው ከነገሥታቱ ቀድሞ ስለ እሷ ቢሰማ ይሻለዋል። ምሽጉን ሕያው የምታደርገው እሷ ናት። ስትፈራ፣ ስትሳል፣ ትራስ ስትሰፋ ትታያለች።

አሁን ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የማሳድገው ልጅ ነገ በጠዋት ይነሣል። አንድ ነገር ግን አእምሮዬን ይበላኛል። ሄሌነ ያን ሁሉ የተረከችው ለማን ነው? ለእሱ ይመስለኛል፤ ደረቷ ላይ አቅፋ ላነገሠችው ልጅ፣ ያኔ ምን እንደተደረገለት እንዲያውቅ። ላዲስላውስ አንብቦት ይሆን? ወይስ ሳያነብ ሞተ?