«ቅባት የለም» ብለው ሥራ ያቆሙ ሰዎች

ሱቄ ውስጥ አንደኛ የሚሸጠው ሽቶ አይደለም። ሊፕስቲክም አይደለም። ቫዝሊን ነው። ከሱ ቀጥሎ ግሊሰሪን፣ ከዚያ የፀጉር ቅባት። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ በር የሆነች ኮስሞቲክስ ቤት አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጡ እናቶች ያመጡትን ሸጠው፣ ጨውና ሳሙናቸውን ገዝተው ሲያበቁ ጎራ ይላሉ። የቀረችውን ብር ከመቀነታቸው ፈትተው ይቆጥሩና «ልጄ፣ ቫዝሊን ስንት ገባ?» ይሉኛል። ዋጋው ከጨመረ ትንሿን ይወስዳሉ እንጂ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ። በሱቄ ባለፉ ቁጥር «አንቺ መቼም ቅንጦት እየቸረቸርሽ ነው የምትኖሪው» ይሉኛል። ለቀልድ ነው፤ ግን ትከነክነኛለች። ቅባት ቅንጦት የሆነበት ቤት እስካሁን አላየሁማ!

ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ስልኬን ይዤ ስለ ጥንት ግብፃውያን አነባለሁ። ሥራዬ ነውና ስለ ሽቷቸው፣ ስለ ኩላቸው፣ ስለ ቅባታቸው። ለጋሼ የሚሆን መልስ ያገኘሁትም እዚያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዛሬዋ ሉክሶር ማዶ ዴር ኤል መዲና የሚባል መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ የፈርዖኖችን መቃብር የሚፈለፍሉና ግድግዳውን የሚስሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ያኔ ሳንቲም የሚባል ነገር የለም። ደመወዛቸው እህል፣ ዓሣ፣ አትክልት፣ ልብስና ቅባት ነው። በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150ዎቹ መሆኑ ነው፣ ቀለቡ ዘገየ። ጠበቁ፤ ወፍ የለም። መሣሪያቸውን ጥለው ወጡና አንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ሄደው ቁጭ አሉ። ምን ሆናችሁ ሲባሉ የመለሱት መልስ በፓፒረስ ተጽፎ ዛሬ ጣልያን ውስጥ ቱሪን ሙዚየም ይገኛል። ረኃብና ጥም ነው ያመጣን፤ ልብስ የለም፣ ቅባት የለም፣ ዓሣ የለም፣ አትክልት የለም፤ ለፈርዖን ይነገርልን፣ ነው ያሉት። በጽሑፍ ተመዝግቦ የተገኘ የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ይሉታል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ቅባት የተጠራው ከዓሣ በፊት ነው። ታና ዳር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ዓሣ ማለት ምን እንደሆነ አይነገረንም። እነዚህ ሰዎች ንግሥቶች አይደሉም። በረሃ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጡ የሚውሉ፣ አቧራ ሲቅሙ የሚያመሹ ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ቅባት ያጣ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ተረከዟ እንደ በጋ ማሳ የተሰነጠቀ እግረኛ ገበያተኛ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልገውም።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። በማግሥቱ ያው «ቅንጦት» ብለውኝ አለፉ።

ፀጉር ላይ ስንደርስ ነገሩ ጭራሽ እቤታችን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ18 ሙሚዎችን ፀጉር መርምረው ይፋ አደረጉ። ሙሚ ያልኩት ያን ደርቆ የሚቀመጠውን አስከሬን ነው። ግማሾቹ ላይ ፀጉሩን ለማስያዝ የተቀባ ስብ አገኙ። ወንድም አለ፣ ሴትም አለ፣ ሕፃንም አለ። እኛ አገር ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ ማን ይፈልጋል? አያቴ አደሱን ወቅጣ ከለጋ ቅቤ ጋር ትለውሰውና አናቴ ላይ ጉብ ታደርገው ነበር። ከዚያ ፀሐይ ላይ ቁጭ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው። ቆይቶ በጆሮ ግንድ በኩል አንዲት ቀጭን መስመር ትወርዳለች፤ ከዚያ በማጅራት፤ ከዚያ ልብሱ አለቀለት። የአደሱ ሽታ ትራሱ ላይ ይከርማል። ዛሬም ገበያ ቀን አናቷ ላይ ቅቤ ጣል አድርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ከልላ የምትመጣ ሴት አትጠፋም። ከተሜው አፍንጫውን ይይዛል። ይያዝ!

እንግዲህ የግብፆቹን የግብዣ ሥዕል ሳይ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ቅቤ ነው። መቃብራቸው ግድግዳ ላይ የተሳሉት እድምተኞች አናታቸው ላይ ሾጣጣ ነገር ተቀምጧል። ለብዙ ዘመን ሽቶ የተቀላቀለበት ስብ ነው፣ እየቀለጠ ፀጉርና ልብሱን ያጥናል ሲባል ቆየ። ሌሎች ደግሞ ሥዕል ብቻ ነው፣ ምልክት ነው፣ ማንም አናቱ ላይ አላደረገም አሉ። ከዚያ አማርና በሚባለው ከተማ መካነ መቃብር ሁለት አፅሞች ሾጣጣቸው ከነራስ ቅላቸው ተገኙ፤ ዜናው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የተሠራው ከሰም ነው። ስብ የለበትም፣ የሽቶ ምልክትም አልተገኘበትም። የቅቤው ወገን ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማስረጃው ሰም ነው ካለ ሰም ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። የተገኙት ሥዕል ላይ እንደምናያቸው ባለጸጎች በተጌጠ መቃብር ውስጥ አይደለም፤ ተራ ሰው የሚቀበርበት ቦታ ነው።

በነዚሁ ሥዕሎች ላይ ሴቶቹ ሰማያዊ የውሃ አበባ አፍንጫቸው ሥር ይዘው ያሸታሉ። ጠዋት የሚከፈት፣ ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ አበባ ነው። ኔፈርቴም የሚሉት የሽቶ አምላክ ራሱ ላይ የሚደፋውም እሱኑ ነው። ታና ላይ ደንገሉ መሐል የዚህ አበባ ዘመዶች ሞልተዋል። ባለታንኳዎቹ በመቅዘፊያቸው ገፋ አድርገውት ያልፋሉ እንጂ ጉዳያቸው አይደለም።

ወደ ኩል ልምጣ፤ እዚህ ላይ የምለው አለኝ።

ግብፆች ሁለት ዓይነት ኩል ነበራቸው። አረንጓዴው ማላካይት ከሚባል የመዳብ ማዕድን የሚፈጭ ሲሆን ከሲና ይመጣል። ጥቁሩ ደግሞ ጋሌና ነው፤ የእርሳስ ማዕድን፤ መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። ይህንን ከሚቆፍሩባቸው ቦታዎች አንዱ ቀይ ባሕር ዳር ያለው ገበል ኤል ዜት ነው። ድንጋይ ላይ ይፈጩታል፣ በስብ ወይም በውሃ ይለውሱታል፣ በመኳያ ይኳሉታል። ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ፣ አዋቂ ሳይሉ ሁሉም ነው የሚኳሉት። መሪት የምትባል ሴት የመዋቢያ ሳጥን ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ባሏ ኻ እዚያው ዴር ኤል መዲና የሠራተኞች አለቃ ነበር። ሌባ ያልነካው መቃብራቸው እ.ኤ.አ. በ1906 ተገኘ፤ ሳጥኑም ቱሪን ነው ያለው። ከእንጨት የተሠራና በቀለም ያጌጠ ነው። ውስጡ የቅባት ብልቃጦች፣ ማበጠሪያ፣ የኩል ቀሰም ከነመኳያው አሉ። አሁን ያቺ ሴት ሱቄ ብትገባ ዕቃው የት እንደተደረደረ ሳልነግራት ታገኘው ነበር።

ኩሉ ለውበት ብቻ አልነበረም። ለፀሐይ ነጸብራቅ፣ ለዝንብ፣ ለዓይን ሕመም ጭምር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው ኤበርስ የሚባለው የሕክምና ፓፒረስ ጋሌናና ማላካይትን ለዓይን መድኃኒት ያዛል። የፈረንሳይ ኬሚስቶች ሉቭር ሙዚየም ያሉትን የኩል ብልቃጦች ሲመረምሩ ደግሞ በተፈጥሮ እንደልብ የማይገኙ የእርሳስ ጨዎች አገኙ። ማለትም ግብፆቹ ራሳቸው ቀምመዋቸዋል፤ ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት እነዚህ ጨዎች እጅግ በጣም በትንሹ ሲሆኑ የቆዳ ሕዋስ ናይትሪክ ኦክሳይድ በብዛት እንዲያመነጭ ያደርጋሉ አለ። ይህ ደግሞ ሰውነት ተህዋስያንን እንዲከላከል ያግዛል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህችን ዜና ይዘው «ድሮም ኩል መድኃኒት ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የተጠናው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሕዋስ ላይ፣ ተለክቶ ነው። እርሳስ ግን መርዝ ነው። በተለይ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያመጣ መጠን አይታወቅም ይላል። አራስ ልጅ ዓይኑ ጎላ እንዲልለት የሚኩል ሰው አሁንም አለ። ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ኩል ሱቄ አይገባም። ለሕፃን ነው ካሉኝ የቱንም አልሸጥም። «ገንዘብ ጠልተሽ ነው?» ያለችኝ አለች። ሌላ ቦታ እንደምታገኘው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከኔ እጅ አይሆንም።

ግብፆች እጣን ያስመጡበት ስለነበረው አገር፣ ስለ ፑንት ካልጻፍሽ ብላችሁ ኮሜንት እንዳትጽፉብኝ በአጭሩ ልበል። ንግሥት ሐትሸፕሱት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት፣ መርከቦች ወደ ፑንት ልካ እጣንና ከርቤ አስመጣች። 31 የከርቤ ዛፎችም ከነሥራቸው በቅርጫት ተጭነው መጡ። ሥዕሉ ዴር ኤል ባህሪ ያለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ነው። ንግሥቲቱ ከርቤውን በገዛ እጇ ገላዋን እንደተቀባችው እዚያው ተጽፏል። ፑንት የት ነው? ከዚያ የመጡ ዝንጀሮዎች ሙሚ ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ አፍሪካ ቀንድ ጠቁሟል፤ ኢትዮጵያም፣ ኤርትራም፣ ጅቡቲም፣ ሶማሊያም አሉበት። ፌስቡክ ላይ ግን ወረዳው ሳይቀር ተለይቶ ታውቋል። እኔ የማውቀው ከመተማ የሚመጣልን እጣን ከረጢቱ ሲፈታ ሱቁን ሙሉ እንደሚያውደው ነው።

ሌባ ላስቸገራችሁ ነጋዴዎች ደግሞ ይቺን እንካችሁ። የፈርዖኑ የቱታንካሙን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1922 ሲገኝ፣ በጥንት ጊዜ ሌባ ገብቶበት እንደነበር ታወቀ። ሌቦቹ ወርቅ ብቻ አይደለም የፈለጉት። የቅባት ገንቦዎቹን ከፍተው ዝቀዋል። መቃብሩን ያገኘው ሃዋርድ ካርተር አንደኛው ዕቃ ውስጥ የሌባው የጣት ምልክት እንዳለ ነው ያገኘው፤ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ! ዕቃው ትልቅ ነው፣ ምልክት አለበት፣ ይዞ መውጣት ያስይዛል። ቅባቱ ግን ወደ ስልቻ ከተገለበጠ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ ጋ ሽቶ የሚሰርቁትም ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ ትተው ነው የሚሄዱት። ከዚያ መቃብር ውስጥ የተረፈው ቅባት በኋላ ሲመረመር ወደ 90 በመቶው የእንስሳት ስብ፣ የቀረው ሙጫ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ሽቷቸው እንደዛሬው አልኮል አይደለማ። አበባው፣ ሙጫው፣ ቅመሙ ዘይት ወይም ስብ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የሚጤስም ነበራቸው። ኪፊ የሚባለው አሠራሩ ኤድፉና ፊላይ ቤተ መቅደሶች ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ማር፣ ወይን ጠጅ፣ ዘቢብ፣ ከርቤ፣ የቀጤማ ዘመድ ሥር ይገባበታል። ፕሉታርክ የሚባለው ግሪካዊ ጸሐፊ ጠዋት ሙጫ፣ ቀትር ላይ ከርቤ፣ ማታ ኪፊ ያጤሳሉ ይላል። ቡና ሲፈላ እጣን ለሚያጤስ ሕዝብ ይህ ብዙም አያስደንቅም።

በዘመኑ ከሁሉ የገነነው ግን የሜንዴስ ሽቶ ነው። ሜንዴስ በአባይ ደለል ላይ የነበረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች የጥንቱን ጽሑፍ እያዩ መልሰው ቀመሙት፤ ከርቤ፣ ሄል፣ ቀረፋና የወይራ ዘይት። ዝርዝሩን ሳነበው ሳቄ መጣ። ከሱቄ ወጥቼ መንገድ ብሻገር የቅመም ተራው ላይ የማይገኝ ነገር የለበትም፤ ዘይቱ ብቻ ሱፐርማርኬት ያስኬዳል።

ገዛሁ። ከርቤውን ደቁሼ፣ ሄልና ቀረፋውን ከስክሼ፣ ለብ ባለ ዘይት ዘፈዘፍኩት። ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ጀርባ አስቀምጬ ቀን በቀን እየነቀነቅኩት ከረመ። አጥልዬ አብራኝ ለምትሠራው ልጅ አንጓዋ ላይ ቀባሁላት። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ የማይለቅ ሽታ አለው። አሸተተችው፣ ደግማ አሸተተችው።

«ቆንጆ ነው እትዬ፤ ግን ሻይ ሻይ ይላል» አለችኝ።

ቀጥሎ ከርቤውን አበዛለሁ፣ ቀረፋውን እቀንሳለሁ።