ባሕሩ በሸሸ ጊዜ፦ የጅቡቲ ተርኖች

ጅቡቲ የገባሁት በጥር ወር ነው፤ ሙቀቱ ጋብ የሚልበት፣ ከሰሜን የመጡ ስደተኛ ወፎችም ዳርቻውን የሚሞሉበት ጊዜ። ወደብ ላይ ረጅም ዘመን የሠሩት አጎቴ ጎሕ ሳይቀድ ቀሰቀሱኝና ወደ ባሕሩ ወረድን። ውኃው ሸሽቶ ሰፊ ጭቃማ ሜዳ ተገልጧል። በመካከሉ ባለች የአሸዋ ጉብታ ላይ ተርን የሚባሉት የውኃ ወፎች ሁሉም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ቆመዋል።

«ሁሉም ነጭ ናቸው። በምን ትለያቸዋለህ?» አሉኝ።

«መንቆራቸውን ይዩ፣ ጋሼ» አልኩና አቅርቦ ማያ መነጽሩን ሰጠኋቸው።

ካስፒያን ተርን አያስቸግርም። በዓለም ካሉት ተርኖች ትልቁ ነው፤ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ወፍራም መንቆሩ እንደ በሰለ በርበሬ ቀልቶ ጫፉ ላይ ጠቆር ይላል። ያስጨነቁኝ ሁለቱ ባለ ቁንጮዎች ናቸው። የስዊፍት ተርን መንቆር ቢጫ፣ የሌሰር ክረስትድ ተርን ደግሞ ብርቱካናማ ነው። የንጋት ፀሐይ ግን ቢጫውንም ብርቱካናማ ታደርገዋለች! ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ አንዱ በርሮ መጥቶ ከሌላው ጎን አረፈ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ፤ ስዊፍቱ ገዘፍ ያለ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ረጅም መንቆሩም ወደ ታች ዘንበል ያለ ነው። ሌሰሩ ሸንቀጥ ያለ ሲሆን መንቆሩ ቀጥ ያለና ቀጭን ነው። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ የቆመውን ሳላይ ለተርን ስም አልሰጥም።

«ያኛው ለምን አይጠልቅም?» አሉ አጎቴ ድንገት።

እኔ ያላስተዋልኩትን እርሳቸው አይተዋል። ሌሎቹ ከአየር ላይ እንደተወረወረ ጦር ውኃው ውስጥ ሲሰጥሙ፣ አንዱ ብቻ ከጭቃው በላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ትንንሽ ሸርጣኖችን ይለቅማል። አጭርና ወፍራም ጥቁር መንቆር፣ ከዓይኑ ኋላ ጥቁር ነጠብጣብ፤ ጋል ቢልድ ተርን ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነፍሳት ሲለቅም የማውቀውን ወፍ በጨው ውኃ አጠገብ ሳገኘው ደስታዬ ወሰን አጣ።

ከሁሉ ያነሰችው ቀረች። ሳውንደርስ ተርንና ሊትል ተርን ከመራቢያ ወቅት ውጭ እጅግ ይመሳሰላሉ። አጎቴ «አንዱን ጻፍና እንሂድ» አሉ። እኔ ግን «ከሁለቱ አንዷ» ብዬ ጻፍኩ። ውኃው ተመልሶ ጉብታውን ሲከብበው ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።