ገብርኤል የወሰደልኝ ወንበር

የተሾምኩት ስእለቴ ሰምሮ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የብዙ ሰው ምስክርነት እዚህ ላይ በእልልታ ያልቃል፤ የኔ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል 8 ዓመት ሠርቻለሁ። ለዕድገት ሦስት ጊዜ ተወዳድሬ ሦስቱንም ጊዜ ወደቅሁ። በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ «ገብርኤልዬ፣ ቡድን መሪ ብቻ አድርገኝ፣ ዣንጥላ ይዤ ቁልቢ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ዓመት ሳይሞላ ደብዳቤው ደረሰኝ። ቡድን መሪ ሳይሆን ዳይሬክተር! ቢሮው በሙሉ «ሹመት ያዳብር» አለኝ።

ታኅሣሥ ሲደርስ ቁልቢ አልሄድኩም። ስብሰባ ነበረብኝ። ዣንጥላውን በጎረቤት ላክሁት።

ድሮ ኪዳን አድርሼ ነበር ቢሮ የምገባው። ነጠላዬን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከተሾምኩ በኋላ ጠዋቱ የአመራር ስብሰባ ሆነ፣ እሑዱ ግምገማ። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ከአለቆች ጋር ነው። «ጾመኛ ነኝ» ማለት ስላፈርኩ «ጨጓራዬን ያመኛል» እያልኩ ሥጋውን አልፈው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጨጓራዬ ዳነ። ነጠላው መሳቢያው ውስጥ ቀረ፣ ቲተሬንና ማህተሙን ደግሞ ከላዩ ደረደርኩበት።

ማንም «ክርስቶስን ካጂ» አላለኝም። እንደዚያ ቢሉኝ እምቢ የምል ይመስለኛል።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ 18 ቀን አንድ ቃለ ጉባኤ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ጨረታው የሚዘጋው ጠዋት 4፡00 ነበር። አንዱ ድርጅት ሰነዱን ያመጣው 4፡40 ላይ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ የሌሎቹ ዋጋ ከተነበበ በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤው ግን «3፡50 ላይ ገቢ ሆኗል» ይላል። የኮሚቴው አባላት ፈርመዋል። የቀረው የኔ ፊርማ ነው። አለቃዬ ጋ ገባሁ።

«ከላይ የመጣ ነው፤ ነገ ፈርመሽ ትልኪዋለሽ» አለኝ። ከዚያ ሳቅ አለና «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም?»

እኔ ሰው ፊት እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ባለሱቅ የተሳሳተ መልስ ቢሰጠኝ እንኳ ዝም ብዬ ነው የምሄደው። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ታኅሣሥ 19 ነበር፣ የገብርኤል ዓመታዊ በዓል። ሳይነጋ ግቢ ገብርኤል ሄድኩ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው። ነጠላዬ ቢሮ ስለነበረ የእናቴን ለበስኩ። ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ሕዝቡ ግፊያ ነው፤ እኔ የቆምኩት አጥሩ ጋ ነው። መምህሩ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ያስተምራሉ፤ ለንጉሡ ምስል አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ የተጣሉትን፣ ገብርኤል ያዳናቸውን ሦስት ልጆች። አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ስለሆነ ጆሮዬን አልሰጠሁም ነበር። በመሐል «እነዚህ ልጆች እኮ ሹመኞች ነበሩ» አሉ። ንጉሡ በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የሾማቸው ናቸው።

ክው አልኩ። በሥዕል ሁልጊዜ እሳት ውስጥ ነው የማያቸው። ወንበር ላይ አስቤያቸው አላውቅም። ለምስሉ ስገዱ ያላቸው የሾማቸው ሰው ነው! የሚያጡት ነገር ነበራቸው ማለት ነው። ደግሞ «አምላካችን ያድነናል» ብለው አላቆሙም፤ ባያድነንም አንሰግድም አሉት። (ሹመት ራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ቁልቢን ያሠሩት ራስ መኮንንም ሹመኛ ነበሩ።)

እዚያው አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። «ወንበሩን ጠብቅልኝ» ልል አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ወጣኝ። «አንዴ እምቢ እንድል ብቻ እርዳኝ። ዘንድሮ ካሳለፍከኝ ዣንጥላውን በእጄ ይዤ እመጣለሁ።»

ቢሮ ስገባ 3 ሰዓት ሆኗል። ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። «አልፈርምም» አልኩ። ድምፄ እንዲህ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ውጭ ያለችው ጸሐፊ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። እሱ ምንም አልመለሰልኝም። ወረቀቱን ተቀብሎ በእጁ አበስ አበስ አደረገው፣ አቧራ እንዳለበት ነገር። ተመልሼ መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ቲተሩንና ማህተሙን አንሥቼ ነጠላዬን አወጣሁ።

የትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ንጉሡ ሦስቱን ከፍ ከፍ አደረጋቸው ይላል። እኔን ምድር ቤት አወረዱኝ። ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀምጬ፣ ከዚያ ሪከርድና ማህደር። ደመወዜም ቀነሰ፤ ልጄን ከነበረችበት ትምህርት ቤት አወጣኋት፣ ይሄ እስካሁን ያመኛል። የፈረሙትስ ምን ሆኑ ትሉኝ ይሆናል። ምንም አልሆኑም፣ አንዱ እንዲያውም አድጓል።

እኔ ግን አልፈርምም ያልኩ ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ ተኛሁ። እናቴ «ሞታለች» ብላ እስክትደነግጥ ድረስ ተኛሁ። አሁን ጠዋት ኪዳን አድርሼ ነው ቢሮ የምገባው። እሑድም የራሴ ነው።

በ2011 ታኅሣሥ ቁልቢ ሄድኩ፣ በጭሮ በኩል፣ በአውቶቡስ። ዣንጥላውን መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አድርጌ። ስእለት የሚቀበለው ልጅ ላብ በላብ ሆኗል። ቀና ሳይል «ምን ነበር? ልጅ ነው ቪዛ?» አለኝ።

«ሹመት» አልኩት።

«ሰጠሽ?»

«ወሰደልኝ።»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ዣንጥላውን ተቀብሎ ክምሩ ላይ አደረገና ከኋላዬ ያለችውን ሴትዮ ጠራ።