ሰም ያለበት ከበሮ

የአጎቴ ድቤ ሳሎን ውስጥ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። የደሴ ክረምት ጭጋጋም ነው። ቆዳው እርጥበት ሲገባው ይላላል፤ ያኔ ቢመቱትም ድምፁ የታፈነ ነው። ስለዚህ መንዙማ ከመጀመሩ በፊት አጎቴ ከሰሉ ላይ ያሞቁታል። ጠጋ፣ ራቅ ያደርጉታል። በጣት ጫፍ ነካ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «ገና ነው» ይላሉ። ልጅ ሆነን ያቺን «ገና ነው» ስንሰማ ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የአንድ ሙዚየም ፎቶዎች ስመለከት ኩንዱ አገኘሁ። የፓፑዋ ኒው ጊኒ የእጅ ከበሮ ነው፤ በአገሪቱ ዓርማ ላይም አለ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜ መያዣውም ከዚያው እንጨት ይቀረጻል። አንዱ አፉ ክፍት ነው። ሌላው ላይ ቆዳ ይወጠራል፤ እሱም ብዙ ጊዜ የአርጃኖ ቆዳ ነው! የበሬና የፍየል ቆዳ ለለመደ ሰው ይገርማል።

ፎቶውን አጉልቼ ሳይ ቆዳው መሃል ላይ ጠቆር ያሉ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ አዘንኩ። ለካ ሰም ነው። ተጫዋቹ የንብ ሰም እያድበለበለ ይለጥፍበታል። ሲጨምር ድምፁ ይወፍራል፣ ሲቀንስ ይቀጥናል። ቆዳው ሲላላም እንደኛው እሳት ያሞቁታል።

ማታ ለአጎቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሰሟን ብዙ አዩ። «ይሄ ሰው ጆሮ አለው» አሉ። ቀጥለው «ማን ይባላል?» አሉኝ።

መግለጫውን አነበብኩላቸው። የሕዝቡ ስም አለ፣ የወንዙ ስም አለ፣ ሴፒክ ይላል። እንጨቱና ቆዳውም ተጽፏል። የሠሪው ስም የለም። አጎቴ ምንም አላሉም፤ ስልኩን መለሱልኝ። እኔን ግን በጣም ከነከነኝ። ያቺን ሰም በአውራ ጣቱ የጫነ፣ መታ አድርጎ ያዳመጠ፣ እንደገና የነቀለ ሰው ነበረ እኮ።

«የአንቱንስ ድቤ ማን ነው የፈለፈለው?» አልኳቸው።

ወዲያው ነገሩኝ። ስሙን ከነአባቱ፣ መንደሩን፣ ዋንዛውን ከየት እንደቆረጠው ሳይቀር። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ ሁሉንም ጻፍኩ። ወረቀቱ አሁን ከድቤው ጋር እዚያው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።