ናዔ፣ ካዔ፦ የፓፑዋ ቋንቋዎች ጥናቴ እስካሁን

የፓፑዋ ቋንቋዎች የተውላጠ ስም ሰንጠረዤ በመጨረሻ ቅርጽ ያዘ። ተራ የኤክሴል ፋይል ነው፤ ግን ኮርቼበታለሁ። ቋንቋ ለምትወዱ ይጠቅማል ብዬ የደረስኩበትን ላካፍል። ግማሹ ምሬት ነው፣ ቻሉኝ።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። «ፓፑዋ» የአንድ ቤተሰብ ስም አይደለም። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባለችው በኒው ጊኒና በአካባቢዋ ደሴቶች የሚነገሩ፣ እነ ማላይኛ ካሉበት ከአውስትሮኔዥያ ቤተሰብ ውጭ የሆኑ ቋንቋዎች ሁሉ የተከተቱበት ከረጢት ነው። ወደ 800 ይጠጋሉ። ውስጡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ዘመድ ያልተገኘላቸው ብቸኞችም አሉ። እኔም እንደ ማንኛውም ጀማሪ ጉድ ፍለጋ ነው የገባሁት። ኦክሳፕሚን የሚባሉት የኒው ጊኒ ሰዎች ሲቆጥሩ ከአውራ ጣት ተነስተው፣ በክንድና በአፍንጫ ዞረው፣ በሌላኛው እጅ ትንሿ ጣት ላይ 27 ይላሉ። ሮቶካስ የሚባለው ቋንቋ በ12 ፊደል ብቻ ይጻፋል። ደስ ይላል፤ ስለ ዝምድና ግን ምንም አይነግርም። ምክሬ፦ ጉዱን ተዉትና በቀጥታ ምደባው ውስጥ ግቡ።

ምደባው ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት የማውቀውን ስም ነው። ጆሴፍ ግሪንበርግ፣ አማርኛን ከኦሮምኛና ከሐውሳ ጋር የሚያሰባስበውን «አፍሮ-እስያዊ» የሚለውን ስም ያስለመደው ሰው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1971 የፓፑዋን ቋንቋዎች ከአንዳማን ደሴቶችና ከታዝማኒያ ጋር በአንድ ጠቅልሎ «ኢንዶ-ፓሲፊክ» አላቸው። ዛሬ የሚቀበለው ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል። በ1975 ስቴፈን ቩርምና ባልደረቦቹ 500 ገደማ ቋንቋዎችን «ትራንስ ኒው ጊኒ» ባሉት አንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ አስገቡ። በ1986 ዊሊያም ፎሊ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ተጠራጠረ። በ2005 ደግሞ ማልኮም ሮስ ከ600 በላይ ቋንቋዎችን በተውላጠ ስሞቻቸው እያነጻጸረ እንደገና መደባቸው። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ነው።

ሮስ ለጥንታዊው ትራንስ ኒው ጊኒ፣ ማለትም የቤተሰቡ የጋራ አያት ነው ለሚባለው ቋንቋ፣ የሚሰጠው ተውላጠ ስም እንዲህ ነው፦ «ና» እኔ፣ «ጋ» አንተ። ብዙ ሲሆን አናባቢው ይለወጥና «ኒ» እኛ፣ «ጊ» እናንተ ይሆናል። ከዚያ በየቋንቋው ሰንጠረዡን መሙላት ነው። ፎሬ፦ ናዔ፣ ካዔ። ካቴ፦ ኖ፣ ጎ። ሲገጥም እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

ደስታዬን ያበላሸብኝ ግዕዝ ነው። ነገረኒ፣ ነገረከ። «ኒ» እኔን፣ «ከ» አንተን። ፎሬ አጠገብ ብታስቀምጡት ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ግዕዝና ፎሬ ዘመድ ናቸው የሚል ደግሞ የለም። እንዲህ ዓይነት አጫጭር ቃላት በአንድ ተነባቢ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ን እና ክ ደግሞ ዓለም ላይ ሞልተዋል። በአጋጣሚ መግጠም የሚጠበቅ ነው። ለሮስ ፍትሐዊ ለመሆን፣ የእሱ ክርክር በአንድ ቃል ላይ አልቆመም። ሥርዓቱ በሙሉ፣ «አ» ለነጠላ «ኢ» ለብዙ የሚለው ጭምር፣ በተራራቁ ቡድኖች መደጋገሙ ነው ማስረጃው። እስከዚህ እስማማለሁ።

ከዚያ ማዳንግ የሚባለው የቋንቋ ቡድን መጣ። ከቡድኑ አንዱ በሆነው በካላም «ያድ» እኔ ነው፣ «ናድ» አንተ። ይኸውላችሁ፣ «ና» አንተ ሆና ቁጭ! መላው የማዳንግ ቡድን ወደ ጥንታዊ «ያ» እና «ና» ይመለሳል። መልሱ፣ የድሮዎቹ በአዲስ ተተክተዋል፣ መተካታቸውም ቡድኑን የሚለየው የጋራ ለውጥ ነው የሚል ነው። ሙያው የሚፈቅደው ክርክር ነው፤ እኔን ግን አነቀኝ። ሲገጥም ዝምድና፣ ሳይገጥም የጋራ ለውጥ ከተባለ፣ ግምቱ የሚወድቀው መቼ ነው?

ያወጣኝ ቅማል ነው። አልቀለድኩም። አንድሩ ፖሊና ሌሎች ለዚህ ቤተሰብ «ኒማን» የሚል ጥንታዊ የቅማል ቃል አውጥተዋል። በካላም ይማን፣ በካቴ ኢሜንግ። ቅማል ገበያ አይወጣም፣ ስለዚህ ቃሉም በቀላሉ አይዋስም። ማዳንግን ከሌሎቹ ጋር የሚያስረው ተውላጠ ስም ሳይሆን እንዲህ ያለው ተራ ቃል ነው። አሁን ሰንጠረዤ ላይ ተውላጠ ስም ጥርጣሬ ይጭራል፣ ቃላት ይፈርዳሉ።

ሰዋስው ይመሳሰላል ብሎ ዝምድና መፍረድን ግን ጨርሶ አልወደውም። ብዙ የፓፑዋ ቋንቋዎች እንደ እኛ ቦዝ አንቀጽ ይደረድሩና መጨረሻ ላይ በማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋሉ። ያ ዝምድና ከሆነ እኛም ትራንስ ኒው ጊኒ ነን! ሰዋስው በጉርብትና ይጋባል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ካርካር ደሴት ላይ ታኪያ የተባለው የአውስትሮኔዥያ ቋንቋ የራሱን ቃላት እንደያዘ አገነባቡን ከፓፑዋዊው ጎረቤቱ ከዋስኪያ ወስዷል። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ መቀመጡም በብዙዎች ዘንድ ከኩሻዊ ጎረቤቶች ጋር የሚያያዝ ነው።

መሣሪያ ካላችሁኝ ግሎቶሎግ፣ የዓለምን ቋንቋዎች በየቤተሰባቸው የሚመድብ የኢንተርኔት መዝገብ። ነፃ ነው፤ ጨካኝም ነው። ያልተረጋገጠውን ሁሉ ከቤተሰቡ ያወጣል። ጭንቅላቴ ከእሱ ጋር ነው፤ ልቤ ግን አሁንም ብዙ ቋንቋ በአንድ ቤተሰብ ከሚጠቀልሉት ጋር ነው። የድምፅ ለውጥን በሥርዓት መከታተል ገና ይከብደኛል፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ከእኔ ምክር አትጠብቁ። የሴፒክ ወንዝ አካባቢ ቋንቋዎችንም ፈርቼ አልነካኋቸውም።

ቀጥሎ የቲሞር፣ የአሎርና የፓንታር ደሴቶች ፓፑዋዊ ቋንቋዎች ናቸው። ሮስ ትራንስ ኒው ጊኒ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ከእሱ በኋላ ያጠኗቸው ግን ማስረጃው አይበቃም ብለዋል። ፋይሉን የሚፈልግ ይንገረኝ፣ እልካለሁ። የአሎር ዓምድ ግን ገና ባዶ ነው።