ጅማ ውስጥ ግድግዳ ያለው ሰው ይፈለጋል

የጅማ ግድግዳ ላይ ምን ይነበባል? የቢራ ማስታወቂያ፣ የሚከራይ ቤት ስልክ ቁጥር፣ «እዚህ ጋ መሽናት በህግ ያስቀጣል» ምናምን። ግጥም ግን የለም ማለት ይቻላል። ግጥም ያለው ባጃጅ ላይ ነው። በቀደም ከመርካቶ ወደ ኮቺ ስንሄድ ፊታችን ያለው ባጃጅ ኋላው ላይ እንዲህ ይላል፦

ጎማዬ ሦስት ነው፣ ሐሳቤ ግን ሺ፤
ሁሉም «ወራጅ አለ»፣ እኔም «እሺ እሺ»።

ሹፌራችንን ሳሳየው «እሱ ልጅ በየጊዜው ነው የሚቀይረው» አለኝ። እና እኔ በቃ ያን ቀን ሙሉ ሐሳቤ እሱ ላይ ሆነ፣ ምክንያቱም ይሄ ልጅ የሚሰራውን ነገር ሌላ አገር በጀት ይዘው ነው የሚሰሩት።

ለንደን ውስጥ ከ1986 ጀምሮ የምድር ባቡር ውስጥ፣ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ቦታ ላይ ግጥም ይለጥፋሉ፣ እየቀያየሩ። ሆላንድ ላይደን ከተማ ደግሞ ከ1992 እስከ 2005 ድረስ 101 ግጥም የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ጻፉ። ፓሪስ ደግሞ ባሰባት፣ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን 100 መስመር ግጥም እንዳለ አንድ ግድግዳ ላይ ጽፈውታል፣ ግድግዳው የማን ነው ካላችሁ የግብር መስሪያ ቤት (የኛዎቹ ይሰማሉ?)።

የኛም ሰው አለበት። አለሙ ተበጀ ለንደን የሚኖር ገጣሚ ነው፣ በ2020 ከክሪስ ቤኬት ጋር ሆኖ የአማርኛ ግጥሞችን በእንግሊዝኛ ሰብስቦ ያሳተመው እሱ ነው። የሱን ግጥም ጄኒ ሆልዘር የምትባለው አሜሪካዊት አርቲስት በብርሃን ሕንፃ ላይ አስነብባዋለች፣ ዴንማርክ ጭምር። እኔን የገረመኝ ግን ያው የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ መጽሐፉና ግድግዳው የሚፈልጉት ግጥም መለያየቱ ነው። መድበል ውስጥ ሦስት ገጽ የሚሄድ ግጥም ብታስገባ አንባቢው ተቀምጧል፣ ችግር የለም፣ ግድግዳ ላይ ግን ሰውየው ሸንኮራ ተሸክሞ እያለፈ ነው፣ አራት መስመር ከሰጠህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ደግሞ ያ ሰውዬ ነገም ያልፋል። ከነገ ወዲያም። እኔ ለኛ ግጥም ግድግዳ ከመጽሐፍ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሰምና ወርቅ በአንድ ንባብ አይወጣም፣ መጽሐፍ ላይ ሰሙን አንብበህ ገጹን ትገልጣለህ አለቀ፣ ግድግዳ ላይ ግን ዛሬ ሰሙን አይተህ ታልፋለህ፣ የሆነ ቀን ጀበና ተጥዶ ቡና እስኪፈላ ስትጠብቅ ድንገት ወርቁ ይመጣልህና ብቻህን ትስቃለህ። ጎረቤቶችህም ይከራከሩበታል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይማ አሪፍ ግጥም በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ታች ወርዶ ይጠፋል።

የላይደኖቹን አንድ ነገር ግን መስረቅ አለብን። ግጥሙን የሚጽፉት በራሱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ነው፣ የጃፓኑ በጃፓንኛ፣ የሩሲያው በሩሲያኛ፣ ትርጉሙ በትንሽ ሰሌዳ ከጎን ይሆናል። ለጅማ ልክ ነው ይሄ። አፋን ኦሮሞው በቁቤ ትልቅ ሆኖ፣ አማርኛው በፊደሉ፣ የምኛ፣ ከፊኛ፣ ዳውርኛም ካለ ይምጣ፣ የአዌቱን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ሁሉንም እያየ ይሂድ። አማርኛ ብቻ ከሆነ እኔም አልደግፈውም።

ሌላው ደግሞ ስም። አንድ መስሪያ ቤት የጓደኛዬን ስንኞች ከፔጁ ወስዶ አጥሩ ላይ አጽፎታል፣ ሳይጠይቀው፣ የሱ ስም የለም፣ የመስሪያ ቤቱ ሎጎ ግን አለ። ልጁ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ከዛ ዝናባችን አለ፣ ተራ ቀለም አንድ ክረምት አይቆይም፣ ይሻግታል፣ ስለዚህ ኳርትዝ የሚባለው የውጭ ግድግዳ ቀለም ነው የሚያስፈልገው። መሰላል አለኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ለመንገድ ፊት የሚሰጥ ግድግዳ ያለው ሰው ካለ ያናግረኝ። በጀት ስንይዝ ግን የገጣሚው ከቀለሙ ቀድሞ ይያዝ፣ የቢራ ማስታወቂያ የሚስለው ልጅ በነፃ አይስልም አይደል እንዴ።