በጠርሙሱ ውስጥ የረሳሁት ጨው

የመጀመሪያው የመስክ ሥራዬ ውጤት ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነበር። በጣና ዙሪያ ካሉ ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ከቦኖ የቀዳናቸው የመጠጥ ውሃ ናሙናዎች ሁሉ ከባክቴሪያ ንጹሕ ሆነው ወጡ። ሰንጠረዡን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ስገባ ፈገግታዬ ቀድሞኝ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ጠርሙሶቹ ውስጥ ታዮሰልፌት ጨምረሃል?»

አልጨመርኩም። በክሎሪን የታከመ ውሃ የሚቀዳበት ጠርሙስ ውስጥ ክሎሪንን የሚያመክነው ጨው፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ በጥቂቱ ካልተቀመጠ፣ ክሎሪኑ በመንገድም ላይ ሥራውን አያቆምም። ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስ ድረስ ሲቀዳ የነበሩትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል። የለካሁት ሰው የሚጠጣውን ውሃ ሳይሆን ሚኒባስ ውስጥ ሲንገላታ የዋለውን ነበር። የሦስት ሳምንት ድካም በአንድ ቁንጥር ጨው ምክንያት ተጣለ። አማካሪዬ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ላይ የውሃውን መንገድ መከተል ጀመርኩ፤ ከቦኖው፣ ከጀሪካኑ፣ በመጨረሻም ቤት ውስጥ ሰው ከሚጠጣበት ዕቃ። መጠይቃችን «ውሃውን ያክማሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። አንዲት እናት «እንዴታ ልጄ!» ብለው ከመደርደሪያው ላይ የማከሚያውን ጠርሙስ አውርደው አሳዩኝ። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ከባልዲያቸው ትንሽ ውሃ ቀድቼ የመመርመሪያዋን ክኒን ጨመርኩበት። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ሁለታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ውሃው እንዳለ ቀረ።

«ምን አለው?»

«ምንም የለበትም፣ እማማ።»

ሳቁብኝ። «ሽታው ቡናዬን ያበላሽብኛል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ ነው የማወርደው።»

መጠይቅ ብቻ ይዤ ብመጣ ኖሮ እኚህ ሴት ጽሑፌ ውስጥ «ውሃ የሚያክሙ» ተብለው ይቆጠሩ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዎች ያሉትንና የተለካውን በአንድ ዓምድ አስገብቼ አላውቅም።

እዚያው እያለን አንድ ሕፃን ከውጭ ሮጦ ገባና ጣሳውን ባልዲው ውስጥ አጠለቀ፤ እጁም እስከ አንጓው ድረስ አብሮ ገባ። ማንም ልብ አላለውም። ከየዕቃው 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በስስ ማጣሪያ አሳልፈን ማጣሪያውን ሳህን ላይ አድርገን በ44 ዲግሪ አሳደርነው። በማግስቱ የቦኖው ሳህን ባዶ ነበር፤ የጀሪካኑ ላይ ጥቂት ቢጫ ነጠብጣቦች፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምችቶች፣ ታዩ፤ የባልዲውን ግን ለመቁጠር አቃተን። እነዚህ ነጠብጣቦች ራሳቸው በሽታ ናቸው ማለት አይደለም፤ ዓይነ ምድር ውሃውን እንደነካው የሚመሰክሩ ናቸው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት 100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው የዓይነ ምድር ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም።

ጽሑፉን የላክንበት የመጀመሪያው መጽሔት መለሰው። ገምጋሚው ሁለት ቦታ ላይ ያዘኝ። አንደኛ፣ የቦኖውን ውሃ «ከበሽታ የጸዳ» ብዬው ነበር፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ግን ባክቴሪያን በሚገድለው የክሎሪን መጠን አይሞትም፣ እኛም አልመረመርነውም። ሁለተኛ፣ ናሙናው ሁሉ የበጋ ነበር፤ ጎርፍ ሜዳ ላይ ያደረውን ሁሉ ወደ ውሃ የሚወስደው ግን በክረምት ነው። ለሁለት ቀን ተበሳጨሁ፤ በሦስተኛው ቀን ልክ መሆኑን አመንኩ። ቃሉን ሰረዝኩ፤ ሐምሌ ላይ በጭቃ ቡት ተመለስኩ። አተት የሚያሰጋው በዚያ ወቅት መሆኑን እያወቅሁ ለመንገዱ ምቾት ብዬ በጋን መምረጤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጽሑፉ በሌላ መጽሔት ሲወጣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ደወልኩ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ ምን ይላል?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ስለነበር አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌ ወሰድኩላት። ያቺ ገጽ ከጽሑፉ ሁሉ በላይ አስቸግራኝ ነበር። እስክሪብቶዋን አውጥታ «ቀሪ ነፃ ክሎሪን» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ «ውሃው ውስጥ የቀረ መድኃኒት» ብላ ጻፈችበት። «ጣሳ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከዚያ ገጹን የክትባት ቀን እናቶች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ለጠፈችው።